አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ

ጠመንጃው የአባዬ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ ሰፈራችን መጋዘንና ኮንዶሚኒየም ሳይሆን የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ፣ የአቃቂን ወንዝ ተከትለው ከርከሮ ያደኑበት ነበር። ረጅም ምንሽር ነው። አንድ በተኮስክ ቁጥር መቀርቀሪያውን በእጅህ ስበህ ትከፍታለህ፣ ቀለሁን ታስወጣለህ፣ ሌላ ጥይት አጉርሰህ ትዘጋለህ። እንደ ክላሽ ዝም ብሎ አይንጣጣም። ሰደፉ አንዴ ተሰንጥቆ በእርጥብ የበሬ ቆዳ ሰፍተውታል፤ ቆዳው ሲደርቅ ነክሶ ያዘው። ፈቃድ አለው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ጠመንጃ ሲባል ወዲያው ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው ስላለ ነው።

ጥይቶቹን ግን ፈቃድም አያድናቸውም። የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ ጣሪያ ስር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው እያፈሰሰባቸው የኖሩ ናቸው። አንዳንዱ አረንጓዴ ነገር አውጥቷል። አዲስ ደግሞ ከየትም አይገኝም። ለዚህ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት የሚሸጥ ሰው ካለ ራሱ ሰውየው ሙዚየም ነው የሚገኘው።

አባዬ ጠመንጃውን የሚያወርዱት እሁድ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ ነው። በር ላይ ዱካ አስቀምጠው ይቀመጣሉ፣ እኔ ጨርቁንና ዘይቱን እይዝላቸዋለሁ። መንካት የሚፈቀድልኝ ጨርቁን ብቻ ነው። እየወለወሉ ጠባዩን ይነግሩኛል፣ ልክ ስለ ላሞቻቸው እንደሚያወሩት። ወደ ግራ ይጥላል፣ ስለዚህ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዝለት። ቃታው መጀመሪያ ይላላል፣ ከዛ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ትንፋሽህን ያዝ። ሁሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይቺ አለች፦

«ከከሸፈብህ ከትከሻህ እንዳታወርደው። አፈሙዙም ካነጣጠርክበት እንዳይነሳ። አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በል። አሜን ካልክ በኋላ ክፈተው።»

«ለምን?»

«እንዲህ ነው።»

በኛ ቤት «ለምን» ማለት ስድብ ነው። ትምህርት ቤትም እንደዛው ነበር፤ ለዛ ነው ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተለያየነው።

ባለፈው ክረምት ሲወጣ ጅቡ መጣ። ጅብ ለኛ ብርቅ አይደለም። ከቤታችን ጀርባ ድሮ ድንጋይ የሚፈለጥበት፣ አሁን የተተወ ካባ አለ። የካባው ጉድጓድ የጅቦች ኮንዶሚኒየም ነው፣ ዕጣ እንኳን ሳይወጣላቸው ገብተውበታል። ሲመሽ ይጮሃሉ፣ እኛም እንተኛለን፣ በቃ፣ ጉርብትና ነው። ይሄኛው ግን አይጮህም። የሚመጣውም በቀን ነው።

መጀመሪያ የጎረቤታችንን በግ ወሰደ። ጎረቤታችን ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው፣ የራሱን አይሱዙ የሚነዳ፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ከዛ የኛን ጥጃ በላ፣ የበረቱን ጣውላ በጥርሱ ፈልቅቆ። አባዬ የቀሯቸው ሁለት ላሞች ናቸው፤ ከነሱ ወተት ሌላ የሚኖሩበት ነገር የላቸውም። ከዛ ደግሞ አንድ ከሰዓት፣ ልጆች በካባው ጫፍ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገዱ መሀል ተኝቶ አገኙት። አልተነሳላቸውም። ልጆቹ ናቸው ዞረው የሄዱት። እናቶች ወረዳ ሄደው አቤት ቢሉ «ለሚመለከተው ክፍል እናሳውቃለን» ተባሉ። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ጅቡ ግን በመሀል እኛን በደንብ እየለየን ነበር። ማን ዱላ እንደሚይዝ፣ ማን እንደማይዝ ያውቃል።

አባዬ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ በሩቅ ሰውን ከምሰሶ አይለዩም። ስለዚህ «እኔ ልምታው» አልኳቸው።

«አንተ ችኩል ነህ።»

«ታዲያ ማን ነው የማይቸኩለው?»

«የእህትህ ባል።»

የእህቴ ባል ወታደር ነበር። አሁን መጋዘን ይጠብቃል። ሰፈሩ በሙሉ «አምሳ አለቃ» ነው የሚለው። እህቴ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ፣ ጠያቂ ይዞ የሚገባውን ሳሙናና ብስኩት ትሸጣለች። ሰውየው መጥፎ ሰው አይደለም። አንድ ጠባይ ብቻ አለችው፦ ማንንም አያስጨርስም። ግማሹን ስትነግረው ሌላውን ግማሽ እሱ ይነግርሃል። አንዳንዴ የሱ ግማሽ ያንተ አይደለም።

በማግስቱ መጣ። አባዬ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጨርቅ ይዤ ያየሁትን፣ ማታ ማታ በህልሜ የምወለውለውን ጠመንጃ፣ አንድም ቀን ላልነካው ሰው። የተሰማኝን ብጽፈው አሳታሚ አያትመውም።

«አባባ፣ ይሄ የንጉሡ ጊዜ ነው ወይስ ከዛም በፊት?» አለ፣ ሙድ እየያዘ።

«እሁድ እሁድ እየመጣህ ተለማመደው። አብረን እንወልውለው። ከዛ ትወጣለህ» አሉት አባዬ።

«እስከዛ ጅቡ ላሞቹን ይጨርሳል። እኔ ክላሽ ጨለማ ውስጥ ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ አባባ። መሣሪያ መሣሪያ ነው።»

«ይሄ የራሱ ጠባይ አለው።»

«ጠባይ ያላት ሚስት ነች» ብሎ ሳቀ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

አባዬ ያቺን የአቡነ ዘበሰማያት ነገር ነገሩትና ቢያንስ አንድ ሁለት ሳይተኩስ አይወጣም ብለው ገገሙ። ስለዚህ ካባው ውስጥ ገባን፣ እኔ፣ እሱ፣ አባዬና ጋሼ። ድንጋይ ላይ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አቆምን። አለቃ ተንበረከከ፣ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ።

ቀጭ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትከፍቱ መቀርቀሪያውን ስቦ ከፈተው። እጁ ራሱ ነው ያደረገው፣ እሱ እንኳን ያሰበ አይመስለኝም። ጥይቱ ተስፈንጥሮ ሳሩ ላይ ወደቀ። ሁላችንም አየነው። አልፈነዳም።

«አየህ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንዳስተማረ ሰው። «ከሸፈ፣ አወጣህ፣ ጣልክ፣ ሌላ አጎረስክ። እዛ ጦር ሜዳ አቡነ ዘበሰማያት እስክትጨርስ የሚጠብቅህ የለም።»

«እኛ አገር ፋቲሃ ነበር የምንለው» አለ ጋሼ። «አጭር ስለሆነች ደጋግመን።»

«ጋሼ፣ እርስዎም? ጥይቱ ሃይማኖቱን እስኪመርጥ ነው የምትጠብቁት?»

ጋሼ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ፣ ያስቃል። አባዬ አልሳቁም። በዱላቸው ሳሩን እየነካኩ ጥይቱን ፈለጉት፣ ሲያገኙት ግን አላነሱትም። «ዛሬ አልፎሃል» አሉት።

ቀጣዩ ጥይት ተኮሰ፣ ከቆርቆሮው በስተግራ ድንጋዩን አቦነነው። ሦስተኛው ቆርቆሮውን አነሳው። አለቃ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ለሱ ነገሩ አልቋል፤ ከጠመንጃው ጋር ተዋውቀዋል። ለኔ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ጥይት ዝም ማለቷ ነው ያስፈራኝ። ብትፈነዳ ኖሮ ተምሮ ነበር።

የዛን ቀን ማታ አባዬን ያዝኳቸው።

«ለምን እንደሆነ ይንገሩት እንጂ። እሱ ጸሎት ነው ብሎ ነው የሚቀልደው።»

«ጸሎት አይደለም እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ለምንድነው የሚጠበቀው?»

«አባቴ እንዲህ ነው ያሉኝ» አሉ።

አያችሁ፣ እሳቸውም አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ያሉት ሕግ ምን እንደሚከለክል እንጂ ከምን እንደሚያድን አያውቁትም። እኔ የተናደድኩባቸው የማይነግሩኝ መስሎኝ ነበር። የማያውቁት መሆኑ ሲገባኝ ንዴቱ ቀርቶ ፍርሃት ያዘኝ።

ጅቡ ቀንም ቢመጣ፣ ከሌሊት ዙሩ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ጋሼ፣ አለቃና እኔ ካባው ጫፍ ላይ ከቁጥቋጦ ኋላ ተቀመጥን። አባዬ ቤት ቀሩ። ብርድ ነው፣ ወንዙ ይሸታል፣ ወደ ሞጆ የሚወርዱት መኪኖች ድምፃቸው ከመንገዱ ይመጣል። አለቃ ቡትስ ጫማውን ወልውሎ ነው የመጣው። ለጅብ።

«እባክህ» አልኩት በሹክሹክታ። «ከከሸፈ አትክፈተው። ጸሎቱን ተወው፣ ካልፈለግክ መቶ ቁጠር። ብቻ ዝም ብለህ…»

«ዝም በል፣ ይሰማሃል።»

አላስጨረሰኝም።

ጅቡ መጣ። በታችኛው መንገድ፣ ሳይቸኩል፣ ከሥራ እንደሚመለስ ሰው። ትልቅ ነው፣ አንድ ጆሮው ተቀድዷል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመና ቀጥ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው አየ። አውቆናል። ቢሆንም አልሸሸም። አለቃ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘ፤ እሷን ተምሯታል። ቃታውን ሳበ።

ቀጭ።

«አትክፈት» አልኩ። አሁን በሹክሹክታ አይደለም። ድምፄ ካባውን ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ። እጁ ግን ቀድሞኛል። እጁ እኔን አይሰማም፣ እሱንም አይሰማም፣ ክላሽን ነው የሚሰማው። መቀርቀሪያው ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ጥይቱ ፈነዳ።

እንደ ተኩስ አይደለም ድምፁ። ወፍራም ጆንያ መሬት ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ነው። አለቃ ወደ ኋላ አልወደቀም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ደክሞት እንደሚያርፍ ሰው፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ይጨሳል።

«ማን ነው የተኮሰው?» አለ።

ጋሼ «ያ ረቢ» ብሎ ሻሹን ፈታ። እጁን ከፊቱ ላይ ስናነሳው የቀኝ አውራ ጣቱ እንደነበረ አልነበረም። ዓይኑን አልነግራችሁም። እኔ ቀና ስል ጅቡ አሁንም ቆሞ እኛን ያያል። ከዛ አጎንብሶ ወደ ጉድጓዱ ገባ፣ በሩን ዘግቶ እንደሚገባ ባለቤት።

በጋሼ አይሱዙ ወሰድነው። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ የጠዋት ሥራ ሰዓት ነው፣ ጥሩምባ ብትነፋ ሌላውም ይነፋብሃል። አለቃ መሀላችን ተቀምጦ በጋሼ ሻሽ ዓይኑን ይዟል። አንዴ ደግሞ «ማን ነው የተኮሰው?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ምን ልበለው? ራሱ ጠመንጃው ነው ልበለው?

እህቴ ሱቋን ለጎረቤቷ ጥላ መጣች። አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልኬን ከእጄ ተቀበለችኝና ለአባዬ ደወለች።

«አባዬ፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል» አለቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ያ ብረት ያለበት ቤት አልገባም።» ዘጋችው። እስካሁንም አልገባችም።

እኔ ሆስፒታል ስመላለስ ነው ነገሩን የተረዳሁት፣ ያውም ከሱ ከራሱ። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ጣሪያውን እያየ ነበር።

«ባሩዱ እርጥበት ነክቶታል» አለኝ። «መርፌው ሲመታው ወዲያው አልተቀጣጠለም። ውስጥ ለውስጥ ይዞ ነበር። ዝግ ቢሆን ኖሮ በአፈሙዙ ይወጣ ነበር፣ ቢዘገይም በመንገዱ። እኔ በጎን በር ከፈትኩለት።»

«ታዲያ አባዬ ጸሎቱን…»

«ሰዓት ነው» አለኝ። አሁንም አላስጨረሰኝም። «ሰዓት ያልነበራቸው ሰዎች ሰዓት ነው። ምን ነበረበት እንደዛ ብትሉኝ?»

ከሱ ዘንድ ወጥቼ ቤት ስገባ አባዬ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እርጥበቱን፣ የዘገየውን፣ ጸሎቱ ሰዓት እንደሆነ። አፌ መጥፎ ነው፤ ጀመርኩ ማለት ጨረስኩ ማለት አይደለም። «አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ፣ ሁላችሁም አንዲት ቃል ሳትጨምሩ አቀባበላችሁ። አንድ ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ እኮ…»

«ጠይቄ ነበር» አሉ።

«ምን አሉዎት?»

«በጥፊ ነው የመለሱልኝ።»

ጉንጫቸውን ነካ አደረጉ። ሽማግሌ ሰው፣ ያ ጥፊ እስካሁን የት ጋ እንዳረፈ ያስታውሳል።

ጋሼ ጠመንጃውን ወንዙ ውስጥ እንጣለው አለ። አባዬም እሺ ሊሉ ነበር። ግን ጅቡ አላስቻለንም። ሰው እንደተጎዳብን ያወቀ ይመስል ቀን ላይ ግቢያችን ድረስ መጣና የላሞቹን በረት ዞሮ አሸተተ። እኔ በመስኮት አየሁት። የልጆቹ መንገድ ላይም ተኝቶ ነበር፤ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጃንጥላዋን ዘርግታ ነው ያለፈችው። አባዬ የዛን ለት ጠመንጃውን አወረዱና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

በእጄ ነው የተማርኩት። መቀርቀሪያው ሲመለስ አንድ ቦታ ላይ እንደሚይዝ፣ እዛ ጋ እንደማይገፋ፣ እንደሚባበል። በተሰነጠቀው ሰደፍ ላይ የተሰፋው ቆዳ ጉንጭህ ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ። አለቃን የመታው የመቀርቀሪያው ጫፍ አሁን ጭረት አለበት፣ እሱንም ጣቴ ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምንም አለማድረግን ተለማመድኩ። ባዶውን ቀጭ አደርገዋለሁ፣ ከዛ እቆማለሁ፣ እጄን እይዛለሁ። አባዬ ከጎኔ ድምፅ አውጥተው ጸሎቱን ይላሉ። እጅ እንደዚህ እንደሚቸኩል አላውቅም ነበር። የሰው እጅ አይመስልም፣ የሌባ ነው የሚመስለው። ጥይቶቹንም ለየን፤ አረንጓዴ የሆኑትን አንድ በአንድ አውጥተን አርቀን ቀበርናቸው። ንጹህ የሚመስሉት ቀሩ። የሚመስሉት ነው ያልኩት።

በወጣሁበት ጠዋት አለቃ መጣ። ማንም አልጠራውም። ዓይኑ ላይ ጥቁር ነገር አስሯል፣ ቡትሱን አልወለወለም።

«ምን ልትሠራ?» አልኩት።

«ከኋላህ ልቆም።»

ያው ቁጥቋጦ ጋ ደረስን። ያው ብርድ ነው፣ ያው ሽታ። ጅቡ በዛው መንገድ መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና አየን። ትንሽ ወደ ቀኝ ያዝኩ። ቃታው ላላ። ጠበቀ። ትንፋሼን ያዝኩ።

ቀጭ።

እጄ ሊነሳ ፈለገ። ሁላችሁም እጃችሁ ጀግና ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ አየሁት የኔን፣ ወደ መቀርቀሪያው ሲሄድ። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ጀመርኩ፣ ጮክ ብዬ። ጅቡ ጆሮውን አዞረ። ጸሎቱን ሰምቶ አንድ እርምጃ ወደ እኛ መጣ፣ ከዛ ሌላ። ቃሉን ልዘል አሰኘኝ፣ አልዘለልኩም። ከኋላዬ አለቃም አብሮኝ እያለ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ያ ማንንም የማያስጨርስ ሰው።

አሜን አልኩ። እጄ ተንቀሳቀሰ።

«ድገመው» አለ።

ደገምነው። ጅቡ መሀል ላይ እንደቆመ ጨረስን። ሁለተኛውን አሜን ስንል ዞሮ ተመለሰና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ፊቴን አዙሬ፣ ክንዴን ዘርግቼ መቀርቀሪያውን ቀስ ብዬ ከፈትኩት፣ የሚይዝበት ጋ አባበልኩት። ጥይቱ ሳሩ ላይ ወደቀ። አጎንብሼ ሳልነካው መዳፌን አስጠጋሁለት።

ይሞቃል።

«ተወው» አለ አለቃ። «አትንካው። እንሂድ።»

ወደ ኋላ እየተራመድን ከካባው ወጣን። እኔ ጉድጓዱን እያየሁ፣ እሱ በቀረችው ዓይኑ ጥይቱን እያየ።